ሁለት ድስት የሚጥድ ትምህርት ቤት

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲያራግፍ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ገደማ ሰው አንስቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል አሰፈረ። ከተጓዡ ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነበር። ወዶም ተገዶም፣ በአውቶቡስም በአንቶኖቭም ተጭኖ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ወረደ። ጫካ መነጠረ፣ ጎጆ ቀለሰ፣ ወለደ ከበደ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በምዕራብ ኦሮሚያ በሰላማዊ ሰዎች ላይ በደረሰው ግድያና ማፈናቀል የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አያቶቻቸው በረሃብ ጥለውት ወደ ወጡት ምድር ተመለሱ። ከተመላሾቹ ጥቂት የማይባሉት ያረፉት ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ በሐይቅ ከተማና በአቅራቢያዋ ባለችው ጃሪ በተተከሉ መጠለያዎች ነው።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ ትምህርት ቤት ሲመጣ ምን እንደሚገጥመው ማሰብ አያዳግትም። ቤቱ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ያውም አያቱ ይዘውት የሄዱት የወሎ አማርኛ። ሜዳ ላይ ኳስ የተጫወተው ግን በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ፊደል የቆጠረውም በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል። አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይሆናል፤ ማባዛትና ማካፈል ያውቃል፤ የጥቁር ሰሌዳውን አማርኛ ግን ማንበብ አይችልም። መልቀቂያ የለውም። ትምህርት ቤቱ ተቃጥሎ ወይም ዘመዱ በሌሊት አንጠልጥሎት ወጥቶ ሪፖርት ካርዱ ወለጋ ቀርቷል። መዝጋቢው መምህር ሦስት ምርጫ አለው፦ ማስረጃ አምጣ ብሎ መመለስ፣ ፊደል አያውቅም ብሎ ከሰባት ዓመት ሕጻናት ጋር አንደኛ ክፍል ማስቀመጥ፣ ወይም የሚያውቀውን አውቆለት የሚጎድለውን መሙላት። የትኛው ይደረግ የሚለውን የሚወስነው ርዕሰ መምህሩ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሚኒስቴርም፣ ባሕር ዳር ያለው ቢሮም በዚያች ሰዓት እዚያ የሉም።

የአገራችን የቋንቋና የባህል ፖሊሲ ልጅን የሚያውቀው በሚኖርበት ዞን ነው። ልጁ ግን ከዞን ዞን ይሄዳል፤ በአንድ ዞን ውስጥም ቢሆን ከጎረቤቱ ልጅ የተለየ ቤት አለው። ስለዚህ ብዙ ዓይነት ልጆችን የሚይዝ ትምህርት ቤት ይኑረን ከተባለ፣ ልጁን በዓይኑ የሚያየው ርዕሰ መምህር ልዩነትን የማስተናገድ ሥልጣንም፣ ግዴታም፣ መሣሪያም ሊሰጠው ይገባል። ወሎ ለዚህ የሚሆን የቆየ ብልሃት አላት። ብልሃቱ ግን ከሠርግ ቤት አልፎ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አልገባም።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱን ትንሽ ከተከተሉት የአምባሰል መቀመጫ ውጫሌ ይመጣል። ስለ ወሎ የሚጻፍ ሁሉ «የመቻቻል ምድር» ብሎ ይጀምራል፤ አባባሉ ውሸት ባይኖርበትም ስንፍና አለበት። መቻቻል ከአየሩና ከውኃው የመጣ ጠባይ ይመስል፣ ሥራ ያልተሠራበት ተደርጎ ይወራል። ሠርግ የደገሰ የወሎ ሰው እንዲህ አያስብም።

ደጋሹ ክርስቲያን ነው እንበል። እንግዳው ግማሽ በግማሽ ሙስሊም ነው። አንዱ ባርኮ ያረደውን ሥጋ ሌላው አይበላም። ስለዚህ ደጋሹ ከሳምንታት በፊት ይቆጥራል፦ ስንት የሙስሊም ጎረቤት፣ ስንት ዘመድ፣ ከሩቅ የሚመጣ ስንት። ለእነሱ የሚሆን በግ ወይም በሬ ለብቻ ይገዛል። የሚያርደው ሙስሊም ጎረቤት ይጠራል፤ ቢላዋው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው ከእነሱ ቤት ይመጣል፤ ወጡን የሚሠሩት የእነሱ ሴቶች ናቸው። ወጪው የደጋሹ ነው። ደጋሹ ሙስሊም ሲሆንም ነገሩ ተገላብጦ ይደገማል። ማንም ቀርቶበት አይሄድም፤ ማንም እምነቱን ለአንድ ቀን እንዲተው አይጠየቅም። ከዚያ በኋላ ዘፈኑም እስክስታው የጋራ ነው።

እዚህ ላይ የሚታየው ልዩነትን ያለማየት ፈጽሞ አይደለም። ልዩነቱ ተቆጥሯል፣ በጀት ተመድቦለታል፣ ኃላፊ ተሰይሞለታል። በየትምህርት ቤቱ ግን ተቃራኒው ልማድ ይሰማል፦ «እኛ ጋ ሁሉም እኩል ነው፣ ለማንም የተለየ ነገር አናደርግም»። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንዲያውም አብዛኞቹ ፍትሐዊ የሆኑ ይመስላቸዋል። ሠርግ ላይ እንዲህ ያለ ደጋሽ ቢገኝ፣ አንድ ድስት ጥዶ ግማሹን እንግዳ ጾሙን ይሰዳል።

የአንድ ድስት ፖሊሲ በወሎ ምድር ከዚህ ቀደም ተሞክሯል። ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው አቅጣጫ ያለው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ የሰበሰቡበት ቦታ ነው። ጉባኤው የኦርቶዶክስ ሊቃውንትን የሃይማኖት ክርክር ከዳኘ በኋላ ውጤቱ ወደ ሙስሊሞቹ ዞረ። የወሎ ሙስሊም መኳንንትና ሕዝብ ክርስትና እንዲነሳ ታዘዘ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ፣ ኋላም ንጉሥ። እምቢ ያሉ ተሰደዱ፣ ሸፈቱ፤ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ዓሊሞች ተቃውሞ መሩ። ብዙ ሰው ደግሞ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ዛሬ የተሁለደሬ ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም መሆኑ የዚያ ትዕዛዝ ዕድሜ ምን ያህል እንደነበር ይናገራል። አሁን በወሎ የሚወደሰው አብሮ መኖር ከዚያ በፊትም የነበረ፣ ከዚያ በኋላም ሰው አውቆ እንደገና የጠገነው ነው።

ትምህርት ቤቱም የራሱ ቦሩ ሜዳ ነበረው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አማርኛ በመላ አገሪቱ ብቸኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ያንን አንድ ድስት አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ የወጣው ደግሞ ከዚሁ ከወሎ ነው። ዋለልኝ መኮንን ደሴ በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነበር፤ በኅዳር 1962 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ላይ ያወጣው የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ የአገሪቱን ፖለቲካ ዛሬም አልለቀቀም። ደርግ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ከፍቶ ኋላ በ15 ቋንቋዎች አካሄደ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንደኛ ደረጃን ይማር አለ።

ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሊንኳሰስም አይገባም። በአማራ ክልል በአዊ ዞን አዊኛ፣ በዋግ ኽምራ ኽምጣንጛ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አፋን ኦሮሞ ክፍል ገቡ። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ ልጆች ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መብቱ የተሰጠው ለመሬቱ ነው። ከሚሴ ያለ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ ከሐይቅ ከሚሴ ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ያው ልጅ ቤተሰቡ ተነስቶ ሐይቅ ቢገባ ቋንቋው በዞኑ ድንበር ላይ ይቀራል። ከወለጋ የመጣው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ በወረቀት ሲታይ አማራ ነው፣ አማርኛ ይናገራል፣ ስለዚህ ለፖሊሲው ምንም ችግር የለበትም። ማንበብ የማይችለው ልጅ በቁጥር ውስጥ አይታይም።

ሐይቅ ላይ «የቋንቋ ብዝኃነት» ሲባል ፈገግ የሚል ሰው ይኖራል። ሁሉም አማርኛ አይደል የሚናገረው? ይናገራል። ግን አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ትምህርት የጀመረው የት እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል።

በተሁለደሬና በአምባሰል ገጠር ብዙ የሙስሊም ልጅ ከመደበኛው ትምህርት ቤት በፊት ቁርዓን ቤት ይገባል። በእጁ ሎህ የሚባለውን የእንጨት ሰሌዳ ይይዛል፤ በጥላሸት ቀለምና በተቀረጸ መቃ የዕለቱን አንቀጽ ሸኹ ይጽፉለታል ወይም ራሱ ይጽፋል፤ ከቀኝ ወደ ግራ። በቃሉ እስኪወጣው ያንበለብለዋል፤ ሸኹ ፊት ቀርቦ ከተመሰከረለት ሎሁ ታጥቦ አዲስ ይጻፍበታል። ይህ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ፊደል ማለት ድምፅ መሆኑን ያውቃል፤ ረጅም ነገር በቃል መያዝ ያውቃል፤ ጸጥ ብሎ ተራ መጠበቅም ያውቃል። አንደኛ ክፍል ገብቶ «ሀ»ን ከገጹ ቀኝ ጥግ ሲጀምር መምህሩ «ገና ነው፣ ግራና ቀኙን አያውቅም» ይላል። የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሞ የመጣው የክርስቲያን ልጅ በተቃራኒው ፊደሉን ጨርሶ ይመጣና ይሰለቻል፤ ከኋላ ወንበር እየረበሸ ይቀጣል። ሁለቱም ሳይታወቅላቸው ዓመት ያልፋል።

ነገሩ የሚያስቆጨው፣ ይህ ምድር ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት የራሱ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ስለነበረው ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን የአገሪቱ ዋና ትምህርት ቤት ነበር። መሪው አባ ኢየሱስ ሞዓ ዳህና ተወልደው ደብረ ዳሞ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ማለትም ለሐይቅ እንግዳ ነበሩ። ከደቀ መዛሙርታቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጡ፤ አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሄደው ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያበረከቱት ባለሥዕል ወንጌል ዛሬም አለ። መጽሐፉ ግእዝ ነበር፤ ግእዝ ደግሞ በዚያን ጊዜ የማንም የቤት ቋንቋ አልነበረም። በአገሪቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባቡ በግእዝ፣ ትርጓሜው በአማርኛ መሄዱ ልማድ ሆኖ ቀረ። በወሎ መድረሳዎችም ያው ነው፦ ኪታቡ ዐረብኛ፣ ሸኹ የሚያብራሩት በአማርኛ። የወሎ ዓሊሞች ከዚያም አልፈው በዐረብ ፊደል አማርኛ ጻፉ፤ ሸህ ጦልሃ መንዙማ ያዘጋጁት በዚህ መልክ ነው። ከሩቅ አገር እየተሻገረ የሚመጣ ደረሳ በማያውቀው ሰፈር እየበላ የሚማርበት፣ ቆሎ ተማሪውም ከደብር ደብር የሚዞርበት ሥርዓት ተማሪውን «የየት ዞን ነህ?» አላለውም።

ማሞገሱ እዚህ ላይ ቢቆም ይሻላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት አያስገባም፣ ሙስሊምም አላስተማረም፤ መድረሳውም ክርስቲያን አልያዘም። እያንዳንዱ የራሱን ብቻ የሚያስተናግድ ትልቅ ቤት ነበር። ከእነሱ የሚወረሰው የአሠራር ብልሃት ነው። ስለ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የሚነገረው ትውፊት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በሐይቅ ተማሪ ሳሉ ለዓመታት ትምህርት አልገባቸው አለ፤ መምህሩ ለአባታቸው ሊመልሷቸው ፈለጉ፣ አባት እምቢ አሉ፣ ልጁም በገዳሙ በጉልበት ሥራ እያገለገሉ ቆዩ። ኋላ «መጽሐፈ ምስጢር»ን የጻፉት እኒሁ ናቸው። ትውፊቱ ለውጡን ለእመቤታችን ተአምር ይሰጣል። ለትምህርት ቤት አስተዳዳሪ የሚጠቅመው ግን ከተአምሩ በፊት ያለው ክፍል ነው፤ ደካማ የተባለው ልጅ ከግቢው አልወጣም።

አሁን ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም አራት ዐቢይ ርዕሶች አሉት፤ ከመማር ማስተማር፣ ከምቹ ሁኔታና ከኅብረተሰብ ተሳትፎ ጎን አመራር ራሱን ችሎ ተቀምጧል። በተግባር ግን አመራር የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርት መሙላት፣ ስብሰባ መሄድና የመምህር ክፍተት መሸፈን ነው። የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ይህንንም አከበደው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ውጊያው በአምባሰልና በሐይቅ አልፎ ደሴ ሲገባ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ወንበርና መዝገብ ማገዶ ሆነ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። በሩ ክፍት መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር በሆነበት ጊዜ ስለ ባህል ስብጥር ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ሆኖም በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀረው ልጅ መልቀቂያ የሌለው፣ ፊደሉ ሌላ የሆነው፣ ቤተሰቡ ግቢውን እንደራሱ የማያየው ነው።

ርዕሰ መምህሩ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ደግሞ ትንሽ ትንሽ ሆኖ ብዙ ነው። ዓርብን እንውሰድ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ዕለት የምሳ ሰዓቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የተዘረጋው ለጁምዓ ሶላት ነው። በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን የጧቱን ፈረቃ ማብቂያና የከሰዓቱን መጀመሪያ በዚያችው ሰዓት ላይ ይገጥማል። የዓርብን ክፍለ ጊዜ እያንዳንዳቸውን አምስት ደቂቃ አሳጥሮ ክፍተት መፍጠር ከወረዳው የሚጠብቀው ገንዘብ የለም። ካልተደረገ፣ ልጁ በየሳምንቱ ከሶላትና ከሒሳብ አንዱን ይመርጣል፤ በዓመቱ መጨረሻም «የሒሳብ ችሎታው ዝቅተኛ» ይባላል።

ጾሙም እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገባ፤ በ2018 ደግሞ ሁለቱ በሁለት ቀን ልዩነት ጀመሩ። ግቢው በሙሉ ማለት ይቻላል ጾመኛ በሆነበት ወር የስፖርት ክፍለ ጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ ማስቀመጥ ያለማሰብ ምልክት ነው። ጧት ቢሆን ሁለቱም ይጠቀማሉ። ይህ ምሳሌ ሌላም ነገር ያሳያል፤ ልዩነትን ያሰበ የጊዜ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የአንዱን ጥቅም ከሌላው አይነጥቅም።

ተቃውሞ አለ፣ ቀላልም አይደለም። ለርዕሰ መምህር ይህን ያህል ሥልጣን መስጠት አደገኛ አይሆንም ወይ? በ2017 ዓ.ም. በአክሱም የሆነው ለዚህ ይጠቀሳል። ትምህርት ቤቶች ሙስሊም ሴት ተማሪዎችን ሂጃብ አውልቁ ብለው ከለከሉ፤ 159 ተማሪዎች ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሳይመዘገቡ መቅረታቸውን የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት አስታወቀ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው ታገደ። ያን ክልከላ ያወጣው አዲስ አበባ ያለው ሚኒስቴር ሳይሆን እዚያው ያለ አመራር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ማለቱን እያነሱ ልጅ ከበር የሚመልሱ አስተዳዳሪዎች ሌላም ቦታ አይጠፉም። አንቀጹ የሚናገረው ስለሚሰጠው ትምህርት ነው፤ ልጅቷ ራሷ ላይ ያደረገችው ጨርቅ ሥርዓተ ትምህርት አይደለም።

መልሱ ሥልጣኑን ባለ አንድ አቅጣጫ ማድረግ ነው። ርዕሰ መምህር ልጅን ለማስገባት፣ ሰዓት ለማሸጋሸግ፣ ቋንቋ ለመጨመር ማንንም ፈቃድ መጠየቅ አይኑርበት። ለማስወጣት፣ ለመከልከል፣ ምዝገባ ለመንፈግ ግን በጽሑፍ ምክንያት ሰጥቶ ከበላይ ማስወሰን ይኑርበት። በአሁኑ አሠራር ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ መከልከል በቃል ይፈጸማል፣ መፍቀድ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ሌላው ተቃውሞ ፖለቲካ ነው። አፋን ኦሮሞን ሐይቅ ላይ ክፍል ማስገባት ዛሬ ባለው የአገሪቱ ስሜት ቆስቋሽ ሊሆን ይችላል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተነሳው ግርግር የሚረሳ አይደለም። ጠቡ የተነሳው በሰልፍ ላይ በሚሰቀለው የኦሮሚያ ሰንደቅ ዓላማና በሚዘመረው የክልሉ መዝሙር ምክንያት ነበር፤ በመካከሉ ቋንቋውን ለመማር የመጣው ልጅ ተረሳ። ቋንቋ ከባንዲራ ጋር ታስሮ ሲመጣ ርዕሰ መምህር የፖሊስ እንጂ የመምህር ሥራ አይሠራም። ሐይቅ ላይ ጥያቄው እንዲህ አልተጫነም። የሚባለው ለጥቂት ደርዘን ልጆች ከሚያውቁት ቁቤ ወደ ፊደል የሚሻገሩበት ድልድይ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሚቆይ፣ አማርኛቸውን የሚያፋጥን። የ2015ቱ አዲስ ፖሊሲ ራሱ ተማሪ ከአፍ መፍቻው ሌላ ተጨማሪ የኢትዮጵያ ቋንቋ ይማር ይላል። ከመጠለያ የመጡት ልጆች ያንን ተጨማሪ ቋንቋ በአፋቸው ይዘው መጥተዋል፤ የአገሬው ልጅ ሊማረው ቢፈልግ ከእነሱ የተሻለ የልምምድ ጓደኛ አያገኝም።

በሌላው ዓለም ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። በሳን ፍራንሲስኮ እንግሊዝኛ የማያውቁ 1,800 ያህል የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ያለ ምንም ድጋፍ ከሌላው ጋር አንድ ክፍል ተቀምጠው ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ለቤተሰቦቻቸው ፈረደ፤ አንድ ዓይነት መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት መምህርና አንድ ዓይነት ክፍል ቋንቋውን ለማይሰማ ልጅ እኩልነት አይሆንም አለ። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እዚያ የምትኖር የአምባሰል እናት ከልጇ ትምህርት ቤት በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ መጠየቅ መብቷ ነው። እኅቷ ከወለጋ ተፈናቅላ ጃሪ ከሆነች፣ ልጇ የሚያነበውን የሚያነብ መምህር የሚፈልግላት የለም።

የወላጅ መምህር ኅብረት እዚህ ላይ ሊጠቅም ይችላል፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ኅብረቱ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከከተማው ነባር ነዋሪ፣ ንግድ ካለውና ስብሰባ ላይ ደፍሮ ከሚናገረው ነው። ወሎ አበጋሮች አሏት፤ ደም የሚያደርቁ፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም የሚሰማቸው ሽማግሌዎች። ዱዓ ላይ ሁለቱ ወገን አብሮ ሲቀመጥ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚመርቅ የሚያውቅ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው ከኅብረቱ ውስጥ ቢኖር፣ ከመጠለያው ደግሞ አንድ ወላጅ በቋሚነት ቢቀመጥ፣ ርዕሰ መምህሩ ለብቻው የሚሸከመው ውሳኔ ይቀልለታል። ርዕሰ መምህራን በክረምት ለድህረ ምረቃ የአመራር ሥልጠና ዩኒቨርሲቲ ሲገቡም ስለ ዕቅድና ምዘና ከሚማሩት እኩል አንድ ሳምንት ከእነዚህ ሽማግሌዎች ጋር ቢቀመጡ የሚባክን ጊዜ አይሆንም።

ሐይቅን በተመለከተ መነሻው ቀላል ነው። በመስከረም የመመዝገቢያ ቅጽ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር፦ ልጁ ከዚህ በፊት የት ተማረ፤ ቁርዓን ቤት፣ የኔታ ወይም ሌላ ክልል ትምህርት ቤት? በየትኛው ፊደል ያነባል? መልቀቂያ የሌለው ልጅ በሒሳብና በቃል ጥያቄ ተፈትኖ ዕድሜውን በሚመጥን ክፍል ይግባ፤ የአማርኛ ንባብ ፈተናው ለስድስት ወር ይዘግይለት። ቁቤ ለሚያነቡት ደግሞ የሚያሻግራቸው መምህር ይፈለግ። የአማራ ክልል አፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ መምህራን አሉት፤ በከሚሴና በባቲ በየዕለቱ ክፍል ይገባሉ። ሁለቱን ለአንድ ዓመት ወደ ሐይቅ ማዛወር በሁለት ዞን መምሪያዎች መካከል አንድ ደብዳቤ ይጠይቃል። በጀቱም የሁለት መምህራን ደሞዝ፣ የቤት ኪራይና የትራንስፖርት አበል ነው።